ሁለቱን ጎን ባንድ ጊዜ

የሥራ ባልደረቦቹ ሚሊሜትር ይሉታል። ስሙን ያወጣለት በያጁ ነው፤ «ምሳ ሰዓት ላይ የዳቦውን ውፍረት ሲለካ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ» ብሎ ይምላል። ውሸቱን ነው። ነገር ግን ስሙ እንደ ቱታው በልኩ ስለተሰፋለት፣ ሰውየው ራሱም አውልቆ ሊጥለው አልሞከረም።

የሚሠሩበት ቤት ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ባንዱ ጫፍ ትልቁ ፕሬስ፣ መሐል ላይ እቶኑ፣ በመስኮቱ ሥር ደግሞ ፊቱ መስታወት የሆነ የውሃ ገንዳ አለ። ገንዳው የሚሊሜትር ዙፋን ነው። ከዚያ ቤት የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ሆዱ በአየር ተነፍቶ፣ እሱ ሳያየው ከበሩ አያልፍም። አረፋ ከወጣው ይመለሳል፤ ካልወጣው ይሄዳል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አረፋ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው።

የሚሠሩት ሙቀት መለዋወጫ ነው። ነገሩ ሲያዩት ተራ ሣጥን ይመስላል፤ ሲያውቁት ግን ያስደንቃል። ሁለት ፈሳሾች አሉ እንበል፤ አንዱ የሞቀ፣ አንዱ የቀዘቀዘ። ሙቀቱ ካንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገር እንፈልጋለን፤ ፈሳሾቹ ግን ጠብታ ታህል እንዳይቀላቀሉ። ስለዚህ በመካከላቸው ስስ የብረት ግድግዳ እናቆማለን። ግድግዳው በሰፋ ቁጥር የሚሻገረው ሙቀት ይበዛል። ሰፊ ግድግዳ ደግሞ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የአልጋ አንሶላ የሚያህል ግድግዳ ተጣጥፎ፣ ሕፃን እንደሚታቀፉት በሁለት ክንድ በሚታቀፉት ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት።

እንዴት ይገባል? ሚሊሜትር ስድሳ ስስ ላሜራዎች ይቆርጣል። እያንዳንዳቸው ክንድ የሚያህል ርዝመት፣ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ውፍረት አላቸው። ፕሬሱ በላያቸው ላይ የዓሣ አጥንት የመሰለ ሽንትር ያትምባቸዋል። ከዚያ አንዱን ቀጥ፣ ቀጣዩን ገልበጥ እያደረገ ይደረድራቸዋል፤ ያኔ ሽንትሮቹ ይተላለፋሉ፣ በየሁለቱ ላሜራ መካከልም ጠመዝማዛ መንገድ ይፈጠራል። በመጀመሪያው መንገድ ወተት ቢገባ፣ በሁለተኛው ውሃ፣ በሦስተኛው ወተት፣ በአራተኛው ውሃ እያለ ይቀጥላል። ፈሳሹ ቀጥ ብሎ መሄድ ስለማይችል እየተገለባበጠ ግድግዳውን ይልሳል፤ ሙቀቱንም እዚያው ጥሎ ይሄዳል። በየላሜራው መካከል ከላሜራው ቀድሞ የሚቀልጥ ማጣበቂያ ብረት አንጥፎ፣ አየሩ በተመጠጠ እቶን ውስጥ ይከተዋል። ማጣበቂያው ሲቀልጥ ማንም ሳይገፋው ብረት ብረትን ወደነካበት ቦታ ሁሉ ይሰርጋል። ስድሳ ሆኖ የገባው አንድ ሆኖ ይወጣል። ሚሊሜትር ይህን ሺህ ጊዜ አይቷል፤ አሁንም የእቶኑ በር ሲከፈት ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው።

ለወተት የሠራው ግን አንድ ብቻ ነው። የዚህ ሰው ታሪክም በዚያች አንድ ሣጥን ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እህቱ በስምንት ዓመት ትበልጠዋለች። በመንደሩ ዳር ባለው የወተት መሰብሰቢያ ተቀባይ ነበረች። ሰዎች ማለዳ ወተታቸውን በጣሳ ይዘው ይመጣሉ፤ እሷ ከያንዳንዱ ቀድታ ተንሳፋፊዋን መለኪያ ትጥልበታለች። ወተቱ ንጹሕ ከሆነ መለኪያዋ ቀና ብላ ትቆማለች፤ ውሃ ከገባበት ትሰጥማለች። ከዚያ ወተቱ ወደ ጋኑ ይገለበጣል፤ ረፋዱ ላይ የወተት ፋብሪካው መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ችግሩ እስከ ረፋድ መቆየቱ ነበር፤ በሞቃት ወራት ግማሹ ይኮመጥጣል።

«ብረት ለብረት ስታጣብቅ ከምትውል፣ ይህን ወተት የሚያቀዘቅዝ ነገር አትሠራልንም?» አለችው አንድ ቀን።

ሠራላት። ሦስት ወር ፈጀበት። ባንድ በኩል ወተቱ ይገባል፣ በሌላው በኩል ፓምፕ ከበረዶ ጋን እየሳበ ቀዝቃዛ ውሃ ይገፋል። ከጡት እንደወጣ የሞቀ ወተት በሣጥኗ ውስጥ አልፎ ሲወጣ ጣት ያደነዝዛል። ሚሊሜትር ግን ሁለት ዲግሪ ጎደለኝ ብሎ ሽንትሩን የሚያትመውን የፕሬስ ፎርማ እንደገና አስቀረጸ፤ የዓሣ አጥንቱን ጠለቅ፣ ጠርዙን ሾል አደረገው። ሁለቱን ዲግሪ አገኘ። እህቱ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀድታ ስትሰጠው፣ የተሰበሰበው ሰው አጨበጨበ። «ይሄ የአባቴ ልጅ!» አለች፣ እሱን ሳይሆን ሕዝቡን እያየች።

ስድስት ወር በሰላም አለፈ። በሰባተኛው ወር የፋብሪካው መኪና ሹፌር ጋኑን ሲለካ መለኪያው ሰጠመ። በማግስቱም ሰጠመ። በየሰዉ ጣሳ ሲለካ ልክ የነበረው ወተት ጋን ውስጥ ሲደርስ ቀጥኗል። በጣሳውና በጋኑ መካከል ያለችው ደግሞ ተቀባይዋ ብቻ ናት።

ተቀባይዋና ሣጥኗ ማለት ነው።

የመሰብሰቢያው ኃላፊ ፍትሐዊ ሰው ነበር። ሣጥኗ ተፈታ፤ እሱ፣ ሹፌሩና ተቀባይዋ ሆነው ወደ ቆርቆሮው አዳራሽ ይዘዋት መጡ። የዚያን ዕለት ገንዳው ሥር አሥራ አንድ የዘይት ማቀዝቀዣ ተራ ይጠብቅ ነበር።

«እኔ የምለው ግን፣» አለች እህቱ፣ ሣጥኗ ወደ ውሃው ከመግባቷ በፊት፣ «መብራት በጠፋ ቀን ወተቱ ልክ ነው። ይኮመጥጣል እንጂ አይቀጥንም። ፓምፑ ሲነሳ ነው የሚቀጥነው። ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ።»

ሚሊሜትር ሳቀ። «እትዬ ደግሞ! ወተቱ የመብራት ፈረቃ ያውቃል እንዴ?»

ሹፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። ኃላፊው አልሳቀም። «መብራት በጠፋ ቀንማ ወተቱ ተበላሽቶ እንደሚመለስ ይታወቃል» አለ ቀስ ብሎ። «በሚመለስ ወተት ላይ ውሃ ለመጨመር ማን ይደክማል?»



አሁን ትንሽ ቆም ብለን ፍተሻውን እንየው፤ ጥፋቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። እንዲህ ያለ ሣጥን ሁለት ሆድ አለው፤ የወተት ሆድና የውሃ ሆድ። ትክክለኛው መንገድ አንዱን ሆድ ብቻ በአየር ነፍቶ የሌላውን አፍ ክፍት መተው ነው። በመካከል ቀዳዳ ካለ አየሩ ይሻገርና በዚያ በተከፈተው አፍ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ዞሮ ሁለተኛውን ሆድ። ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ፣ ፈቶ መግጠሚያው ሲጨመር ወደ ሠላሳ ደቂቃ። በዚያ አዳራሽ ግን አንድ ልማድ ነበር። ከአየር መንፊያው ኮምፕሬሰር የሚመጣው ጎማ ጫፍ ላይ ቲ የሚሉትን ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ ገጥመው ለሁለት ይከፍሉትና ሁለቱንም ሆድ ባንድ ጊዜ ይነፋሉ። አሥር ደቂቃ፣ አለቀ። ከመቶ ዘጠና የሚሆነው ጥፋት በውጭው ጠርዝ ላይ ስለሚገኝ ቲዋ ለዓመታት አላሳፈረቻቸውም።

ሚሊሜትር ቲዋን ገጠመ። ሣጥኗን አጠለቃት። አራት ሰዎች መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው አሥር ደቂቃ ቆሙ። አንድም አረፋ አልወጣም።

ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር ልቡ ቅቤ ጠጣ። «ከዚህች ዕቃ ጠብ አይልም!» አለ፣ ሣጥኗን በፎጣ እያደረቀ።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ቀና ሲል የእህቱን ፊት አየ። ዕቃዬ ደኅና ነው ማለት፣ ውሃውን የጨመረችው እሷ ናት ማለት እንደሆነ የገባው ያኔ ነው። ቢሆንም ሣጥኗን ለኃላፊው አስረከበ። አረፋ አልወጣማ።

በዚያው ሳምንት ተቀባይዋ ተሰናበተች። በዚያው ሳምንት ደግሞ ፋብሪካው በቦታው ላይ እምነት አጥቶ የራሱን ትልቅ ማቀዝቀዣ ጋን ልኮ ቆለፈበት፤ የሚሊሜትር ሣጥን ሥራ ፈትታ ወደ እሱ መደርደሪያ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተቱ ልክ ሆነ። «አያችሁ!» አለ ሰዉ ሁሉ። ልብ በሉ፤ ባንድ ሳምንት ሁለት ነገር ተለውጧል፣ ሴትየዋም ሣጥኗም። ሰዉ ያየው አንዱን ነው። ሚሊሜትር በሥራው ላይ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ለውጦ አያውቅም፤ የለወጠ ሠራተኛ ሲያገኝ «አሁን የትኛው እንዳዳነው በምን ታውቃለህ?» ብሎ ያፋጥጥ ነበር። በእህቱ ጉዳይ ግን ይህን ጥያቄ አልጠየቀም።

ሹፌሩ ቀልደኛ ነበርና «እትዬ ቧንቧ» አላት። ስሙ ከመኪናው ፈጥኖ መንደር ለመንደር ዞረ። ሱቅ ስትገባ «ቧንቧ መጣች፣ ባልዲ አቅርቡ» የሚል አይጠፋም ነበር። እሷ በአንድ ሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል አንሶላ ተኳሽ ሆና ገባች።

ወንድሟን አልወቀሰችውም። ቤቱ ትመጣለች፣ ይስቃሉ፣ ልጆቹን ትስማለች። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ድሮ ቤቷ ውስጥ የሚንጠባጠብ ነገር ካለ «አንተ ልጅ፣ መፍቻህን ይዘህ ና» ትለው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው መጥራት ጀመረች። እሱ ይህን አይቷል። አንድ ቀን ሚስቱ «ምንም ብታደርግ እህትህ ናት» ስትለው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ያ መነቅነቅ አሁን ሲያስበው ከሁሉም ይከብደዋል። አላደረገችውም አላለም፤ ይቅር ብሏት ነበር።

ስድስት ዓመት ሞላው። ባንድ ቀትር የፕላስቲክ ማሽን ያለው ደንበኛ አንድ የዘይት ማቀዝቀዣ ተሸክሞ መጣ።

«ዘይቴ ነጭ ሆነ» አለ። «ውሃ ገብቶበት ወተት መስሏል።»

ሚሊሜትር ቲዋን ገጠመ፣ አጠለቀ፣ ጠበቀ። «ደኅና ነው። ጠብ አይልም።»

«ወተት መስሏል እያልኩህ!»

በያጁ ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፋ። «ሚሊሜትር፣ እስቲ ባንድ ጎን ብቻ ንፋው። ሁለት ሰዎች አንድን በር ከወዲያና ከወዲህ እኩል ቢገፉት በሩ ይነቃነቃል? አይነቃነቅም። መቀርቀሪያ ይኑረው አይኑረው ግን በምን ታውቃለህ?»

ባንድ ጎን ነፋው። በሌላው አፍ አረፋ ወጣ።

ደንበኛው «አላልኩም!» እያለ ሲጨፍር ሚሊሜትር እጁን ከውሃው አላወጣም። ትንሽ ቆይቶ ወደ መደርደሪያው ሄዶ አቧራ የጠጣችውን ሣጥን አወረደ። ቲዋን ፈታ። ጎማውን በውሃው በኩል ገጠመ፣ የወተቱን አፍ ክፍት ተወ፣ አጠለቃት። አየሩን ቀስ ብሎ ለቀቀ።

በወተቱ አፍ አንድ አረፋ ወጣ። ቆይቶ ሁለተኛ። ግፊቱ የፓምፑን ያህል ሲደርስ መቆጠሩ ቀረ፤ እንደ ክር ተያይዞ ይወጣ ጀመር።

ፓምፑ ሲነሳ ነው የሚቀጥነው። ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ።

ለእህቱ ወዲያው አልነገራትም። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየ፤ ሚሊሜትር ነውና ቆጥሮታል። በነዚያ ቀናት ማምለጫ ፈለገ። ምናልባት መደርደሪያው ላይ ሳለች ይሆናል የተሰነጠቀችው፣ አለ። ይህን ለማረጋገጥ ሣጥኗን በመጋዝ እየከፈለ ላሜራ በላሜራ ቀደዳት። ሠላሳ አንደኛው ላይ፣ በጥግ በኩል፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘ። ያለችው ልክ ጠርዙን ሾል ያደረገበት ቦታ ላይ ነው፤ ለሁለቱ ዲግሪ ሲል ብረቱን ከአቅሙ በላይ ወጥሮት ኖሯል። ፓምፑ በተነሳና በቆመ ቁጥር ላሜራው እየተለጠጠ፣ እየተመለሰ በመጨረሻ ተሰንጥቋል። በውሃው በኩል ባለው ገጽ ላይ ደግሞ ቢጫ ጠባሳ ደርቋል። ፓምፑ በቆመ ሰዓት ወደዚያ የሾለከ ወተት ነው። መደርደሪያ ላይ ወተት የለም። ማምለጫው እዚያ ላይ አለቀ።

በሃያኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ላሜራዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ሆቴሉ ሄደ። የተኳሾቹ ክፍል ከመሬት በታች ነው፤ አንድ መስኮት ብቻ ከጣሪያው ሥር አለው። እህቱ በእንፋሎት ውስጥ ቆማ አንሶላ ትተኩሳለች።

«ምነው? ሰው ታመመ?»

«ማንም አልታመመም፣ እትዬ። ሣጥኗን ባንድ ጎን ነፋኋት።»

ካውያዋን አቆመች። ላሜራዋን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ቀና አደረገቻት። ብርሃን በስንጥቋ ውስጥ እንደ መርፌ ጫፍ ወጣ።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት። ውሃው በፓምፕ ይገፋል፤ ወተቱ ግን በራሱ ክብደት ነው የሚፈሰው። ስለዚህ ፓምፑ ሲነሳ...»

«ውሃው ወደ ወተቱ ይገባል። መብራት ሲጠፋ ይቆማል።»

«አዎ።»

«ብዬህ ነበር እኮ።»

«ብለሽኛል።»

ረጅም ጊዜ ብርሃኗን አየች። «ፍተሻው ሥራ ነው፤ ሰው ይሳሳታል። እኔም ስንት አንሶላ አቃጥያለሁ። እኔን ያልለቀቀኝ ሳቅህ ነው። ጠዋት ካውያ ስለኩስ ይመጣብኛል።»

«እትዬ፣ ይቅር...»

«እሱን ቆይተን እናየዋለን። መጀመሪያ ሂድና ለነሱ ንገራቸው።»

«አብረን እንሂድ።»

«እኔ እዚያ ምን አለኝ?» አለችና ላሜራዋን መለሰችለት።

በማግስቱ ማለዳ ሄደ። ኃላፊው ተቀይሯል፤ አዲሱ እሷን አያውቃትም። ተቀባዩም አዲስ ነው። ከአምጪዎቹ ግማሹ ያኔ አልነበሩም። ሚሊሜትር ባዶ የእንጨት ሣጥን ላይ ወጥቶ ላሜራዋን ከፍ አድርጎ ያዘና ከሥሩ ጀመረ፤ ስለ ሁለቱ ሆድ፣ ስለ ቲዋ፣ ስለ ጠርዙ፣ ስለ ሁለቱ ዲግሪ። ባንድ ጎን ብቻ መንፋት ነበረብኝ አለ። ጥፋቱ የኔ ነው አለ፣ ሦስት ጊዜ። ግማሽ ሰዓት ተናገረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወተታችን ፀሐይ እየመታው ነው!» አለ ከሰልፉ መጨረሻ አንዱ።

አንዲት አሮጊት ቀርበው እጁን ያዙት። «እኛ እኮ ረስተነዋል፣ ልጄ» አሉ፣ እንደሚያጽናና ሰው። ሊያጽናኑት ነበር፤ እሱን ግን የበለጠ ወጋው። እህቱ አንሶላ ስትተኩስ የቆመችበትን ስድስት ዓመት እነሱ ረስተውታል።

ሹፌሩ ያው የድሮው ሹፌር ነበር። ላሜራዋን ተቀብሎ ባንድ ዓይኑ አጮለቀባት። «ወይ ጉድ! በዚች? በዚች ቀዳዳ?» ራሱን ነቀነቀ፤ ከልቡ ነው ያዘነው። ከዚያ መኪናው ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳና በመስኮት ብቅ አለ። «አይ ቧንቧ! በጣም ሰላም በልልኝ፣ እሺ?» ብሎ ሄደ። ክፋት አልነበረበትም። ሌላ ስሟን አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ እንፋሎቱ ውስጥ ተመልሶ ቆመ።

«ምን አሉ?»

ማለሳለስ ይችል ነበር። ግን እሱ ያየውን ነገር ማጉደል አይችልበትም፤ ከፀሐዩ እስከ አሮጊቷ፣ ከአሮጊቷ እስከ ሹፌሩ ስንብት አንድም ሳያስቀር ነገራት። «ቧንቧ» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። እሷ ከአፍንጫዋ ትንሽ አየር አወጣች፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየውም።

«የመብራቱን ነገርስ?» አለች።

«የቱን?»

«እኔ ቀድሜ እንዳየሁት። ፓምፑ ሲነሳ እንደሚቀጥን እንደነገርኩህ። ነገርካቸው?»

ሚሊሜትር ማለዳ የተናገረውን በልቡ ቆጠረ። ስለ ላሜራው ውፍረት ነግሯቸዋል። ስለ እቶኑ ነግሯቸዋል። ስለ ራሱ ጥፋት ሦስት ጊዜ ነግሯቸዋል። ጥፋቱን ከሱ ስድስት ዓመት ቀድማ ያገኘችው እሷ መሆኗን ግን አንድም ጊዜ አላለም።

«አልነገርኳቸውም» አለ።

እሷ ከክምሩ ላይ አንድ ሰፊ አንሶላ አነሳች።

«ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ። ከሱ ነው የምጀምረው።»

«ሂድ» አለች፣ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ወደ እሱ እየወረወረች። «አሁን ግን ይህን ያዝ። ጥግ ለጥግ። ኧረ አታጣምመው፣ አንተ ልጅ፣ ሚሊሜትር አይደለህ እንዴ?»

ጥግ ለጥግ ያዘ፤ እሷ ወደ እሱ መጣች፣ ጫፉን ከእጁ ተቀበለችና ተመልሳ ሄደች፤ አንሶላው ግማሽ ሆነ፣ ከዚያ የግማሽ ግማሽ።